ለጋዜጣው አዘጋጅ፦ ከኤርፖርት የተመለሰም «የስ» ነው የሚለው

ሰላም አዘጋጆች እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እትም ስለ ካናዳ ዎርክ ፐርሚት (የስራ ፈቃድ) ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ብዙው ጥሩ ነው ግን አንዷ መስመር አናደደችኝ፣ ከኤርፖርት የተመለሰ ሰው ቪዛ ስላልተከለከለ ፎርሙ ላይ ያለው «ተከልክለህ ታውቃለህ ወይ» የሚለው ጥያቄ አይመለከተውም የምትለዋ። እኔ ከኤርፖርት የተመለስኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ኤድመንተን ከባድ መኪና እየጠገንኩ ነው የምኖረው፣ በደንብ ይመለከተዋል።

በ2009 ዓ.ም. ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ብዬ በቪዚት ቪዛ ቶሮንቶ፣ ፒርሰን ኤርፖርት ወረድኩ። ኦፊሰሯ ስንት ጊዜ ትቆያለህ አለችኝ ሶስት ሳምንት አልኳት፣ እስቲ ሻንጣህን ክፈት አለች። ከሽሮውና ከበርበሬው ስር ዲፕሎማዬ ኦርጅናሉ፣ የስራ ልምድ ወረቀቴ ከነማህተሙ፣ ሲቪ ደግሞ በ10 ኮፒ። ለሰርግ የመጣ ሰው ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፣ እውነቱን ለመናገር ስራ ቢገኝ አልጠላም ነበር። ቪዛዬን ሰረዘችውና ልግባ ብዬ ያቀረብኩትን ማመልከቻ ትቼ እንድመለስ ተፈቅዶልኛል የሚል ወረቀት አስፈረመችኝ፣ ከዛ በቀጥታ ወደ ቦሌ። ሽሮውም አብሮኝ ተመለሰ፣ እናቴ እስኪያልቅ ስትሰራው ቤት ውስጥ ካናዳ የሚባል ቃል የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. አንድ የአልበርታ ጋራዥ ኤልኤምአይኤ (ቀጣሪ የውጭ ሰው ለመቅጠር ከካናዳ መንግስት የሚያወጣው ወረቀት) አውጥቶ ሊቀጥረኝ ተስማማ። ፎርሙ፣ አይኤምኤም 1295 የሚባለው፣ ካናዳም ሆነ ሌላ ሀገር ቪዛ ወይም ፐርሚት ተከልክለህ፣ እንዳትገባ ተደርገህ፣ ወይም ውጣ ተብለህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ሶስት ጥያቄ በአንድ አረፍተ ነገር ነው እንግዲህ፣ ሰው የመጀመሪያዋን ብቻ አንብቦ ይሞላል። ፎርም የሚሞላልኝ ኤጀንትም «ወንድሜ ቪዛማ ሰጥተውህ ነበር፣ ኖ በል፣ ነገር አታብዛ» አለኝ። ያዳነችኝ እህቴ ናት፣ ፓስፖርትህ ላይ የተሰረዘ ቪዛ ተለጥፎ ማንን ነው የምታታልለው ብላ።

ድንበር ላይ ያለው ኦፊሰር የጻፈውን፣ ቪዛ የሚሰጠው ኦፊሰር ያየዋል። አሻራም ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ይመሳከራል። ኖ ብለህ ከተገኘህ የኢሚግሬሽን ህጉ አንቀጽ 40 ይመጣል፣ 5 አመት ካናዳ መግባት የለም ፒአር (ቋሚ ነዋሪነት) ማመልከትም የለም (እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ 2 አመት ነበር፣ አጠበቁት)። ኤጀንቱ ነው የሞላው ማለት አያድንም፣ ፊርማው ያንተ ነው። በዛው ኤጀንት ያስሞላ አንድ የሰፈር ልጅ ኖ ብሎ አስገባ፣ ለምን ደበቅክ የሚል ደብዳቤ ሲመጣለት ኤጀንቱ ስልክ ማንሳት አቆመ፣ ልጁ እገዳው ላይ ነው።

ሌላው ጽሁፋችሁ ያልነካው የትኛውን ወረቀት እንደያዛችሁ ማወቅ ነው። እንደኔ ትተህ ተመለስ ከሆነ እገዳ የለውም፣ ሪከርዱ ብቻ ነው የሚቀረው። ኤክስክሉዥን ኦርደር (ለተወሰነ ጊዜ እንዳትገባ የሚያግድ ትእዛዝ) ከሆነ እገዳው 1 አመት ነው፣ በውሸት የመጣ ከሆነ ግን 5። የዲፖርቴሽን ከሆነ ልዩ የመመለሻ ፈቃድ ካልተሰጠ እድሜ ልክ ነው፣ ፈቃዱም ከ400 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ብዙ ሰው ሁሉንም «ዲፖርት ተደረግኩ» ብሎ ነው የሚያወራው፣ ከዛ አማካሪውም ተሳስቶ ያሳስተዋል።

ሌላ ሀገር ሲል ደግሞ ሳኡዲንም ይጨምራል። በ2006 ዓ.ም. ከሳኡዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመለሰው፣ ዛሬ ከነሱ መሃል ካናዳ የሚያመለክት አለ፣ እሱ የአረብ ሀገር ነገር ነው ብሎ ይዘለዋል። መዝለል የለበትም።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ምን እንደተጻፈብኝ ማወቅ ነው። ሙሽራዋ የአክስቴ ልጅ ፈቃዴን ይዛ 5 ዶላር ከፍላ የኢሚግሬሽን ፋይሌን ጠየቀችልኝ፣ በህጉ 30 ቀን ነው ግን ሊራዘም ይችላል። ፋይሉ ሲመጣ 10 ኮፒ ሲቪ ሳይቀር ተጽፏል። ከዛ የስ አልኩና አንድ ገጽ ደብዳቤ አያያዝኩ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ምን እንደፈረምኩ፣ አሁን ደግሞ በውልና በኤልኤምአይኤ ለስራ ብዬ በግልጽ እንደምመጣ። አልተቆጣሁም አላለቀስኩም፣ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር የሚጋጭ ነገርም አልጻፍኩም። ከጓደኞቼ ይልቅ ብዙ ወር ቆየብኝ ግን ተፈቀደ።

ፒርሰን ስደርስ ግን ወደ ጎን ክፍል ላኩኝ፣ ሁለት ሰአት ጠበቅኩ፣ አሁንም በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ይጠይቁኛል። ያን ቀን ዲፕሎማዬ እዛው ሻንጣ ውስጥ ነበር፣ በዚህኛው ጊዜ አምጣ ብሎ የጠየቀኝ ራሱ ኦፊሰሩ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ያቺን መስመር በሚቀጥለው እትም አርሟት፣ በትንሹ ሳይሆን ጽሁፉ በወጣበት ገጽ ላይ፣ ይሄን ሳምንት ፎርም የሚሞላ ሰው አይጠፋም።

አክባሪያችሁ
ከኤድመንተን፣ አልበርታ