ጥፋቴን ለጠየቁኝ አባቴ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰንብተዋል? የድሬ ሙቀት በረድ ብሎልዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን፤ ልጆቹም ትምህርት ጀምረዋል። በስልክ ስናወራ ጆሮዎ ስለሚያስቸግርዎ፣ እኔም ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ የቤቴን ጉዳይ መጮኹን ስለማልወደው፣ ነገሩን በጽሑፍ ባስረዳዎ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ በአክስቴ ልጅ እጅ ልኬልዎታለሁ።

በቴሌብር የላኩልኝ 3,000 ብር ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። መልእክቱ ስልኬ ላይ ሲመጣ የላኪው ስም የእርስዎ መሆኑን አይቼ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ላኪዋ እኔ፣ ተቀባዩ እርስዎ ነበሩና። ይህን ሁሉ ልጅ አስተምረው ሲያበቁ ከቤተሰቡ መካከል ወር ጠብቆ የማይቀር ገቢ ያለው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ብቻ ሆኖ መገኘቱን ለወንድሜ ብነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ እኔም ተጋባ፤ የላከውን ሰው ጡረታ መጠን ስለማውቅ ግን ብዙ አልዘለቀም።

ከገንዘቡ ጋር የመጣው ጥያቄዎ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። «ለመሆኑ ምን አጥፍተሽ ነው?» አሉኝ። ክፉ አስበው እንዳልጠየቁኝ አውቃለሁ። በእርስዎ ጊዜ አንድ ሰው ከሥራ ተሰናበተ ሲባል ወይ ከግምጃ ቤቱ የጎደለ ዕቃ አለ፣ ወይ ሰውየው ሰክሮ ተገኝቷል፣ ወይም በፖለቲካ ተጠርጥሯል፤ ያለ ጥፋቱ እንጀራው ተቋረጠ የሚባል ሰው ቢኖር እንኳ የሚያምነው አልነበረም። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ ላስረዳዎ።

እንደሚያውቁት የምሠራበት የዕርዳታ ድርጅት ገንዘቡን ከሞላ ጎደል የሚያገኘው ከአሜሪካ መንግሥት ነበር። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ማግሥት፣ በቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ገብተን በተኛንበት ሌሊት፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ዋሽንግተን ላይ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት፣ የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀናት ቆሞ እንዲመረመር የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። ብዙም ሳይቆይ «ሥራ አቁሙ» የሚለው ደብዳቤ ለእኛም ደረሰን። ዘጠናውን ቀን ብንቆጥር የሚያልቀው ሚያዝያ 12፣ ልክ በፋሲካ ዕለት ሆኖ ስለተገኘ፣ ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ እንደ መልካም ምልክት ቆጥረውት «ከጾሙ ጋር ይፈታል» ይባባሉ ነበር። ጾሙ ሳይጋመስ ግን፣ መጋቢት 1 ቀን፣ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ ዕርዳታውን ከሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት፣ ከዩኤስኤይድ፣ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙን አስታወቁ፤ የእኛም ከተሰረዙት አንዱ ነበር። በዚያው ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ውላቸው እንዲቋረጥ መደረጉን በሬዲዮ የሰሙ ጊዜ ደውለው «አንቺንም ይነካሽ ይሆን?» ብለውኝ እንደነበር ያስታውሳሉ። እርስዎ በልጅነትዎ «ፖይንት ፎር» በሚል ስም ያወቁት፣ እዚያው እናንተ አጠገብ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ያቋቋመው የአሜሪካ ዕርዳታ፣ ኋላ ዩኤስኤይድ ተብሎ ስንት ዘመን ከቆየ በኋላ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተዘጋ ተባለ። አሜሪካኖች በገንዘባቸው የወደዱትን ቢያደርጉ እኔ ምን ብዬ እከሳቸዋለሁ? የሚቆጨኝ የራሳችን ነገር ነው። የወጣቶቻችንን ሥልጠናና የእናቶቻችንን ሕክምና በሌላ አገር ምርጫ ላይ አንጠልጥለን ስንት ዓመት ተኝተናል!

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኔን ጥፋት ይፈልጉት።

የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ስለነበርኩ የሁሉንም የስንብት ደብዳቤ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለወጠው ስሙና የሥራ መደቡ ብቻ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ሠራተኛው ላሳየው ትጋትና ታማኝነት ድርጅቱ ያለውን አድናቆት ይገልጻል፤ ሁለተኛው አንቀጽ ውሉ መቋረጡን ይነግረዋል። ሰው ተሞግሶ በዚያው ወረቀት ሲባረር ማየት በእርስዎ ዘመን ያልነበረ ነገር ነው፤ በእኛ ጊዜ ግን ጥፋተኛውም ንጹሑም የሚሸኙት በዚሁ ምስጋና ነው። ክፍያውንም የማሰላው እኔ ነበርኩ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያኑ ሲሶ፣ ስንብቱ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ተጨምሮ እንዲከፈል ያዛል። ስምንት ዓመት ሙሉ በየወረዳው አቧራ ሲጠጣ የኖረ የመስክ ሠራተኛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጦ «የእኔ ስንት መጣ?» ሲለኝ «የ160 ቀን» እለው ነበር። ብዙዎቹ ስሌቱን አልተከራከሩም። አንዱ ብቻ ካልኩሌተሩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ደመረው፣ ያው ሆኖ ሲያገኘው ይቅርታ ጠይቆኝ መለሰልኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤ የራሴ ነበር። ስሜን እኔው ጻፍኩበት፤ ውጭ አገር ያለው ኃላፊ የፈረመው ተመልሶ ሲመጣም ማኅተሙን ያሳረፍኩበት እኔ ነኝ። ከዚያ የንብረት ርክክቡ ቅጽ ቀረ። ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ፣ የመሳቢያ ቁልፍ፣ የወንበር መለያ ቁጥር ሁሉ ተዘርዝሮ፣ ከግርጌው «አስረካቢ» እና «ተረካቢ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉት። ንብረቱን ከሚሰናበቱ ሠራተኞች ሁሉ የምረከበው እኔ ስለነበርኩና ከእኔ ሌላ ቢሮው ውስጥ የቀረ ሰው ስላልነበረ፣ በሁለቱም መስመር ላይ እኔው ፈረምኩ። ኦዲተሮች አንድ ቀን ያንን ወረቀት ያገኙት እንደሆነ ምን እንደሚሉ ማየት እወዳለሁ፤ እኔ ስቆጣጠር በኖርኩበት ደንብ መሠረት አንድ ሰው ለራሱ አስረክቦ ከራሱ ሊረከብ አይችልም።

ከሁላችንም በኋላ የቀሩት የጥበቃ ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሕንጻው እስኪመለስ መጠበቅ አለበትና። ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የነበራቸው ሰዎች ከሁሉ ረዥሙን ጊዜ ቆዩ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ልወስድ የሄድኩ ቀን፣ እኔው ራሴ የቀጠርኳቸው ዘበኛ አፍረው አንገታቸውን ደፍተው የእንግዳ መመዝገቢያውን አቀረቡልኝና፣ «ለምን ጉዳይ መጣ» በሚለው ዓምድ ሥር ምን እንደምጽፍ ጨንቆኝ ቆምኩ። «ለግል» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራ ፍለጋውን በተመለከተ ይበልጥ የሚገርመው የፕሮጀክታችን ዓላማ ራሱ ወጣቶችን ሥራ ማስያዝ መሆኑ ነው። የሥራ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ለቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚቀረብ የሚያስተምረውን መመሪያ ካዘጋጁት አንዷ እኔ ነኝ። አንድ የግል ኩባንያ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ ብሄድ ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩት አመልካቾች የማውቃቸው ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው፤ ሁላችንም በአንድ ወር ከአንድ ዓይነት መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ልምድ ይዘን ስለወጣን፣ ለለጋሽ ሪፖርት ማዘጋጀት የሚችል ሰው ገበያው ላይ ረክሷል። ከጠያቂዎቹ አንዷ ከሥልጠናችን ከወጡት ልጆች መካከል ነበረች። ብድግ ብላ ተቀበለችኝ፤ ቀጥሎ በታላቅ አክብሮት ለቦታው ከሚፈለገው በላይ ልምድ እንዳለኝ ነገረችኝ። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ሰውን ሳያስቀይሙ መመለስን ከእኛ ነው የተማረችው።

የመንግሥት ሥራ ፈልጊ፣ እንጀራው ቢሳሳም አይቋረጥም ብለውኛል። ፈልጌያለሁ፤ በየማስታወቂያው የሚጠየቀው የዜሮ ዓመት ልምድ ያለው ተመራቂ ወይም ዝውውር የሚፈልግ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። የጡረታውም ነገር እንዲሁ ነው። በየወሩ ከደመወዜ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዬ 11 በመቶ ስንት ዓመት ሲገባ ኖሯል፤ ያ ገንዘብ ግን 60 ዓመት ሳይሞላኝ የማልደርስበት ነው፤ በመካከሉ ሥራ ለሚያጣ ሰው ደግሞ በአገራችን የሚከፈል መድን የለም። ለቀጣሪዎች አርጅቻለሁ፣ ለጡረታ ግን ገና ልጅ ነኝ።

ዘመድ አዝማዱን እንኳ ባልጠቅሰው ይሻል ነበር። «በዶላር ስትበሉ ከርማችሁ» የሚሉን አሉ፤ ደመወዛችን በብር እንደነበረ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ምንዛሬው ሲለቀቅ በአንድ ሌሊት አቅሙ የተሸረሸረውም ያው ብር እንደሆነ ለማን ላስረዳ? የዕቁብ ማኅበርተኞቼ በአንጻሩ ሳልጠይቃቸው ዕጣዬ ሳይደርስ ቀድመው ሰጡኝ። ደግነታቸውን አልረሳውም፤ አሁን ደግሞ ያለ ደመወዝ ዕዳውን በየሳምንቱ እከፍላለሁ።

አባባ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ አይቀየሙኝ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ሲቀር እርስዎ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ቀርቶዎት ነበር። ባቡሩ ቆሞ እናንተ ግን በየማለዳው ቱታችሁን ለብሳችሁ ወደ ጥገና ክፍሉ ትሄዱ ነበር። የሚጠገን ፉርጎ ጠፍቶ መፍቻውን በዘይት ስትወለውሉ ትውሉ እንደነበር እናቴ ነፍሷን ይማርና አጫውታኛለች። ያን ጊዜ ምን አጥፍታችሁ ነው ባቡሩ የቆመው ብሎ የጠየቃችሁ ሰው ነበር? እናንተ ዘንድ ሥራው ሞቶ ሠራተኛው ቀረ። በእኛ የደረሰው ግልባጩ ነው፤ ሥራው እንዳለ ነው፣ ሥልጠና የሚፈልጉት ልጆች ዛሬም በየቀበሌው ደጅ ተቀምጠዋል፣ የተነሣው ሠራተኛው ነው። ይበልጥ የሚከብደኝም ይኸው ነው። ጥፋት ቢኖርብኝ ወይ ተከራክሬ እረታ ነበር፣ ወይ ተምሬበት እታረም ነበር። የፈረሙት ሰዎች ግን ስሜንም አያውቁም፤ አለቃዬም ከእኔው ጋር ተሰናብቷል፤ ቁጣዬን ለማን እንደማቀርበው ሳስብ ጸሐፊዋም ማኅተሙም የእኔ የሆነ ደብዳቤ ብቻ ከፊቴ ይመጣል።

አሁን ያለሁበትን ልንገርዎ። አንድ የግል ክሊኒክ የሠራተኞቹን ፋይልና የደመወዝ መክፈያ ሰነድ እንዳደራጅለት በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት ቀጥሮኛል። ክፍያው ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም፤ የቤት ኪራዩን ግን ከባለቤቴ ደመወዝ ጋር ተደምሮ ይሸፍናል። ስለዚህ አይጨነቁ፤ ለዚያ ለሚያውቁት ሹምም ስለ እኔ ደጅ አይጥኑልኝ። እርስዎን የመሰለ ሰው በሰባ አራት ዓመቱ በሰው ደጅ ቆሞ ከማይ ሥራው ቢዘገይ እመርጣለሁ።

ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ መሳልዎንም ሰምቻለሁ። ስለትዎን አልከለክልም፤ ብቻዎን ግን እንዳይሄዱ። ታህሳስ 17 ድሬ እገባለሁ፤ ለ19 አብረን እንወጣለን፣ የጃንጥላውንም ዋጋ እንካፈላለን።

የላኩትን ብር ብመልስልዎ እንደሚያዝኑ ስለማውቅ አልመለስኩትም፤ ለትንሿ ጫማና ደብተር ገዝቼበታለሁ። የሚቀጥለውን ወር ጡረታ ግን እዚያው ይያዙት፤ የደም ግፊት መድኃኒትዎን እየቆጠቡ አንድ ቀን እያለፉ እንደሚወስዱ የአክስቴ ልጅ ነግሮኛል፤ ይህን ከእንግዲህ እንዳልሰማ። ድሬ ካጡት ወይም ከተወደደብዎ የባዶውን ካርቶን ክዳን በእሱ እጅ ይላኩልኝ፤ ክሊኒኩ ያሉት ባለሙያዎች በቅናሽ የሚገኝበትን ቦታ ያውቃሉ።

ልጅዎ