መኪና በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ፣ ከዕቃ ግዢ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ዕድሜ የጠገቡ ፒክአፖችን የምንነዳ ሰዎች በየጋራዡ ብዙ ገንዘብ እናወጣለን፤ ከዚህም ውስጥ ያለ አግባብ የሚወጣው ቀላል አለመሆኑን በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ለአንባቢያን ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ ችግር ብቻ ነው፤ እሱም መኪናው ከተማ ውስጥ በሰላም ሲሄድ ውሎ፣ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ የሚጀምረው መንቀጥቀጥ ነው። ይህ መንቀጥቀጥ ከየት እንደሚመጣ ሳይጣራ ዕቃ መቀየር የተለመደ ሆኗል፤ ልማዱ ደግሞ ኪስ ከመጉዳት አልፎ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል ብዬ አምናለሁ።

መኪናዬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የተሠራች፣ በናፍጣ የምትሠራ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሂሉክስ ናት። ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ በሳምንት ሁለት ቀን ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ እነዳታለሁ። በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም በሚያልፈው አሮጌው መንገድ እመላለስ በነበረበት ጊዜ፣ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፎ ለሚሄድ ሰው 70 ማለፍ ብርቅ ስለነበር፣ መኪናዋ ምን እንደሚያማት አላውቅም ነበር። በፈጣን መንገዱ መሄድ ስጀምር ግን 85 ላይ መሪው በእጄ ውስጥ መርገብገብ ይጀምራል፤ 95 ላይ ይበረታል፤ 105 ሲደርስ ደግሞ ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ ከመቀመጫው ሥር እስከ ወገቤ የሚሰማኝ ደቃቅ ንዝረት ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ነበር የማያቸው፤ ስህተቱም የጀመረው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማቃናት) ሠራልኝ። ሁለተኛው መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዙትን ቴስቲኒዎች ቀየረ። ሦስተኛው የመኪናዋን መንጠር የሚያበርዱት አሞርዛተሮች ደክመዋል ብሎ አራቱንም አስገዛኝ። የሠሩልኝን ሰዎች በክፉ አላነሣም፤ በቅን ልቦና እንደሠሩ አውቃለሁ። ነገር ግን ሦስቱም መኪናዋን የሞከሯት በሰፈር ውስጥ፣ ከ50 ባልበለጠ ፍጥነት ነበር። በ95 የሚነሣ ሕመም በ50 አይታይም። ስለዚህ ሦስቱም «ተስተካክላለች» ብለው ሸኙኝ፤ በማግሥቱ ገና ሞጆን ሳላልፍ መሪው እንደ ወትሮው ይርገበገብ ነበር። አላይመንት መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲስብ ወይም ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ሲበላ የሚያስፈልግ ሥራ ነው፤ ክብነቱን ያጣን ጎማ ግን የቱንም ያህል ቢያቃኑት ክብ አይሆንም። ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም ነበር።

በመጨረሻ አዳማ ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍቱ «ልጄ፣ ስንት ላይ ይጀምርሃል? በእጅህ ነው የሚሰማህ በመቀመጫህ? ነዳጁን ስትለቅ ይቀንሳል ወይስ እንዳለ ይቆያል?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱን መለስኩ፤ ሦስተኛውን ግን ልብ ብዬው ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ብጣሽ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከጎኔ ተቀመጡና ወደ መንገዱ ወጣን። ሜዳማና ቀጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ከኋላችን መኪና አለመኖሩን አይተን፣ 95 ስንደርስ ማርሹን ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አድርጌ ነዳጁን እንድለቅ አዘዙኝ። የሞተሩ ድምፅ ወደቀ፤ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ቀጠለ። እሳቸውም ወረቀታቸው ላይ «ሞተር አይደለም፣ ፍሪሲዮንም አይደለም» ብለው ጻፉ፤ ፍሪሲዮን ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል ነው። በዚህች አንዲት ደቂቃ ሙከራ የመኪናዋ ግማሽ አካል ከጥርጣሬ ነጻ ወጣ። ይህን ሊሞክር የሚፈልግ ሰው ሞተሩን ፈጽሞ እንዳያጠፋ አደራ እላለሁ፤ ሞተሩ ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም አጋዥ ያጣል፣ ቁልፉ ከተነቀለም መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ወረቀቱን የሚጽፈውም ከጎን የተቀመጠው ሰው እንጂ ነጂው መሆን የለበትም።

በእጅ የሚሰማውን ከመቀመጫ ከሚሰማው ለይቶ ማየት ለምን እንደሚጠቅም በቁጥር አስረዱኝ። የእኔ መኪና ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2.3 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጎማው በያንዳንዱ ሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ተነሥቶ ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች ለሚያካፍለው ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ግን ከጎማው ወደ 4 እጥፍ ስለሚፈጥን በሰከንድ ወደ 50 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የጎማ ሕመም ሻካራና ዐይን የሚያየው መርገብገብ ነው፤ መሪው ላይ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ጎማዎች ነው፣ ከኋላ ጎማ ከመጣ ደግሞ መቀመጫውንና ወለሉን ያወዛውዛል። የዘንግ ሕመም ግን ደቃቅ ነው፤ ከመንቀጥቀጥ ይልቅ ለማጉረምረም ይቀርባል። እኔ አንድ ነው ያልኩት ችግር ሁለት እንደሆነ የገባኝ በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያ የፊት ቀኙን ጎማ በክሪክ አነሡት። አንድ ጣውላ መሬት ላይ አጋድመው፣ ጫፉን የጎማውን ጥርስ ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አስጠጉና ድንጋይ ጫኑበት፤ ከዚያ ጎማውን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። በጣውላውና በጎማው መካከል የነበረው ብርሃን ግማሽ ዙር ያህል እንዳለ ቆየ፤ ከዚያ እየጠበበ ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ ጎማው ጣውላውን ፍቆ አለፈና ብርሃኑ ተመልሶ ሰፋ። ያንኑ ቦታ በመዳፌ እንድዳስሰው አደረጉኝ፤ ከጥርሱ ሥር እብጠት ነበር። በጎማው ውስጥ ያለው የሽቦ ንጣፍ ተላቆ ነበር። ይህ ጎማ ከሁለት ወር በፊት ጎሚስታ ዘንድ ባላንስ ተሠርቶለት መሣሪያው ዜሮ አሳይቷል። መሣሪያው አልዋሸም። ባላንስ የሚያስተካክለው የክብደትን ስርጭት ነው፤ ክብ ያልሆነ ጎማም በሚለጠፍለት የእርሳስ ብረት ክብደቱ ተመጣጥኖ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን በያንዳንዱ ዙር መኪናውን ከፍ ዝቅ ማድረጉን አይተውም። ጥርሱ ገና ያልተበላ በመሆኑም ማንም አልጠረጠረውም ነበር። ጎኑ ላይ በሞላላ ክፈፍ የታተሙትን 4 አኃዞች ስናይ 1409 ይላል፤ በአውሮፓውያን 2009 በ14ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሁሉ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት እነዚህን አኃዞች ቢያይ መልካም ነው።

የሽቦ ንጣፉ የተላቀቀ ጎማ በፍጥነትና በሙቀት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እኔ ያን ጎማ ከፊት አድርጌ፣ ከኋላ ጭነት፣ ከጎኔ ልጄን ይዤ ስንት ጊዜ 100 እንደነዳሁ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ሦስት ጋራዦች መሪውንና አሞርዛተሩን ሲነካኩ አደጋው እዚያው ዐይናቸው ሥር ነበር።

ጎማው ሲቀየር መሪው ጸጥ አለ። ከመቀመጫ ሥር ያለው ንዝረት ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ያ ትልቁ መርገብገብ ስለተወገደ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ተሰማኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው «አልሠራም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ጋራዥ የሚሄደው። መካኒኩ ግን ይህን ሲጠብቁት ነበር። ከመኪናዋ ሥር ገብተው ዘንጉን በእጃቸው ወዲያና ወዲህ ወዘወዙት። ክሮቸራዎቹ፣ ማለትም በዘንጉ ላይ ያሉት ተጣጣፊ መጋጠሚያዎች፣ ክፍተት የላቸውም፤ ደርቆ የተበላ ክሮቸራ ዙሪያ የሚታየው ዝገት መሰል ቀይ ዱቄትም የለም። ከዚያ «ፍሪሲዮን መቼ አስቀየርክ?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ፍሪሲዮን ለመቀየር ዘንጉ ይወርዳል፤ ያወረደው ሰው ምልክት ሳያደርግ የዘንጉን ሁለት ክፍሎች ሲያገጣጥም አንዱን ከሌላው ጋር አዙሮ መልሶት ኖሯል። ክሮቸራ በማዕዘን ተጣጥፎ ሲዞር ዙሩ እኩል አይሆንም፤ በያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ይህን የሚያካክሰው በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቸራ ነው፤ የሚያካክሰውም ክሮቸራዎቹን የሚይዙት የሁለቱ ሹካዎች አቅጣጫ ሲገጥም ብቻ ነው። ፈትተው፣ አዙረው፣ አቅጣጫውን አስተካክለው ገጠሙት፤ በመጋጠሚያዎቹም በሁለቱም በኩል ነጭ ቀለም ቀቡ። የተቀየረ ዕቃ አልነበረም፤ የከፈልኩትም የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። ጭነት ለማብዛት ሲባል ጭነቱን በሚሸከመው የኋላ ባሌስትራ (የብረት ሞላ) ላይ ተጨማሪ ላሜራ ማስገባት በአገራችን የተለመደ ነው። የመኪናው ኋላ ከፍ ሲል ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘንም ይለወጣል፤ ባሌስትራ ካስጨመረ በኋላ ንዝረት የጀመረው ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ቢያነሣ ብዙ ድካም ይቀርለታል። ከገጠር መንገድ የተመለሰ ሰው ደግሞ በቸርኬው (ጎማው በሚገጠምበት ብረት) ውስጠኛ ጎን ተጋግሮ የደረቀውን ጭቃ ያስጠርግ፤ አንድ ጭብጥ ጭቃ ባላንሱን ለማበላሸት ይበቃል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሚፈለገው ከፍሬኑ ዲስክ ወይም ከታምቡሩ ነው።

ለጋራዥ ባለቤቶችና ለቴክኒክና ሙያ መምህራን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። መኪና በፍጥነት ይንቀጠቀጣል ተብሎ ሲመጣ በሥራ ማዘዣው ላይ ስንት ላይ እንደሚጀምር፣ የት እንደሚሰማና ፎሌ ሲሆን ምን እንደሚሆን ይጻፍ፤ ዕቃ ከመታዘዙ በፊትም መካኒኩ ከነጂው ጋር ሆኖ ችግሩ በሚነሣበት ፍጥነት መኪናውን ይሞክር። ዘንግ የሚያወርድ ሁሉ ሳይፈታ ምልክት ያድርግ። ከተማ መሀል ያለ ጋራዥ ለዚህ መንገድ የለኝም ሊል ይችላል፤ የመንገዱን ክፍያና ነዳጁን የምንችለው እኛ ባለ መኪኖቹ ነን፣ ከማያስፈልጉ አራት አሞርዛተሮች ዋጋ ጋር የሚወዳደርም አይደለም። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራም መኪናን በዚህ ፍጥነት ስለማያስነዳ፣ ምርመራውን አልፏል ተብሎ መዘናጋት አይገባም።

ባለፈው ወር የኋላው ክሮቸራ ጊዜው ደርሶ ተቀየረ። የሠራው መካኒክ ወጣት ነው፤ ዘንጉን ከመፍታቱ በፊት ግራሶውን በጨርቅ ሲጠርግ ነጩን ቀለም አገኘው። ምን እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት፤ ሲመልሰውም ምልክቱን ከምልክቱ ጋር አጋጥሞ አሠረው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ