ለሰብልዬ፣ ስለ እሜቴ

ይድረስ ለሰብልዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እታባስ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ያልኩት ቸግሮኝ መሆኑን ገና «ይድረስ» የሚለውን ስታዪ እንደጠረጠርሽ አውቃለሁ። ይቅርታውን በአካል ስንገናኝ እጨርሰዋለሁ፣ ስድቡንም ያኔ ታወርጂዋለሽ። አሁን ቶሎ ልንገርሽ፤ አህያ አለችኝ።

ሳቂ፣ ሳቂ። ባሌም ሳቀ። በኋላ ግን ተወው።

ግንፍሌ ድልድዩ አጠገብ ነው ያገኘኋት። ከእህል በረንዳ እህል ስታመላልስ የኖረች ገጣባ ናት፤ መሸከም ሲያቅታት መንገድ ዳር ጥለዋት ሄደዋል። የቀበና ጅብ ሲመሽ ምን እንደሚያደርግ ለአንቺ አልነግርሽም። አከራያችንን እግሩ ላይ ወድቄ ማድ ቤቱ ጀርባ አስገባኋት። አረማመዷ ኩራት ስላለው እሜቴ አልኳት። (ባንቺ ስም ልጠራት አስቤ ነበር፣ ግን አንቺ ትራገጫለሽ።)

ቁስሉን ብታዪው፣ ሰብልዬ። ትከሻዋ ላይ፣ ጭነቱ በሚያርፍበት፣ መዳፍ የሚያህል ቆዳ የለም። ከሥር ያደረጉላት ድሪቶ አልቆ ክሩ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በጨው ውሃ እያራስኩ በወረንጦ ስለቅመው ጆሮዋን ወደ ኋላ ታስተኛለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። እኔማ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። የከብት ሐኪሙ ግን «አህያ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዝም ስላለች ደህና ናት እንዳትይ» አለኝ። ከቁስሉ ይልቅ እሱን ያስፈራው መብል መተዋ ነው። አህያ መብላት ስታቆም የገዛ ስቧ ወደ ደሟ ይፈስና ጉበቷን ያበላሸዋል አሉ። ስለዚህ ጧት ተነስቼ መጀመሪያ የማየው ጭዱ መጉደሉን ነው። ጎረቤት በየተራ እየመጣ «የተቃጠለ ዘይት ቀቢያት» ይለኛል። ዘይቱን ለመኪናችሁ አልኳቸው።

ጭንቀቴ ወዲህ ነው። ባለቤቷ መጣ።

ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። «ድናለች አሉ፣ አህያዬን ስጪኝ» አለኝ። ላዩ ሻረ እንጂ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ አንድ ጆንያ ቢያርፍበት ተመልሶ ይከፈታል። እየጮህኩ ይሄንኑ ስነግረው አንገቱን ደፍቶ «እኔስ በምን ልብላ?» አለ። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! እሷ ስትጫን ራቱን ይበላል፣ ሳትጫን ጦሙን ያድራል። ሲጥላትም የሚሞት ነገር ጥሎ መሄዱ ነበር፣ በእሱ ሒሳብ። የእሱን ሒሳብ ግን እሜቴ በጀርባዋ ስትከፍል ማየት አልችልም። ዋጋ ተነጋገርን።

እንግዲህ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፤ የእቁቤን እጣ ሰጠሁት። ያውም ፍሪጅ ልንቀይርበት የነበረውን። ባሌ እጣው ገና አልወጣልኝም ብሎ ነው የሚያውቀው። እባክሽ ሰው ፊት እንዳታነሺብኝ።

ትዝ ይልሻል፣ በ2009 የቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ሕዝቡ ተቆጥቶ ሲዘጋ «አህያም ወገን አገኘች» ብለሽ የተሳለቅሽው? በየካቲት 2016 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ ከሜክሲኮ ወረድ ብሎ ተሰብስበው ለቆዳዋ ሲባል እንዳትታረድ ለ15 ዓመት አገዱ። ቆዳዋን አተረፉላት። ጀርባዋን ግን ማንም አላነሳው።

አሁን… እንዴት ልበልሽ። አከራያችን እስከ እሁድ አስወጪ ብሎኛል። ሌሊት ታናፋለች፣ ሠፈሩም ተማሯል። አህያ ባልንጀራ ትፈልጋለች፣ ብቻዋን ስለሆነች ነው የምትጮኸው። የእታባ ዳለቻ አህያ አሁንም አለ? ሰንዳፋ ያለው ግቢያችሁ ሰፊ ነው፣ አጥሩም ደህና ነው፣ ማታ ቤት ታስገቡታላችሁ። የጭዱን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ከየት እንደማመጣው አትጠይቂኝ። እንዳትጫን ብቻ ቃል ግቢልኝ፣ ውሃም ቢሆን፣ እታባ «ትንሽ ነው» ብትልም።

ወንድምሽ እሁድ እሁድ ጭድ አራግፎ አይሱዙውን ባዶውን እየነዳ እንደሚመለስ ሰምቻለሁ። (ከማን እንደሰማሁ ተይው፤ አንቺን ጠፋሁሽ እንጂ ወሬሽን አልጠፋሁትም።) በግንፍሌ በኩል ቢመለስ እኛ አውጥተን እንጠብቀዋለን። መወጣጫ ጣውላ ካለው ይያዝ፤ ካለዚያ ማን ተሸክሞ ይጭናታል?

የማይሆንልሽ ከሆነም ሳትሽኮረመሚ «አይሆንም» በይኝ፣ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ብቻ ይድረሰኝ። የሚሆን ከሆነ ደግሞ ወንድምሽ አንድ እስር ጭድ ሳያራግፍ ያስቀርልኝ፤ እዚህ ዋጋው አይቀመስም።

ያንቺው
አልማዝ