ማሽኑን ሳታውቀው ወደ ፈተናው አትግባ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የአቡ ዳቢን ሥራና ሙቀት ከሌሎች ስለሰማህ ስለ ዝምታዬ ብዙ አልጽፍም። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ለቧንቧ ብየዳ ፈተና ወደዚህ ልትመጣ መሆኑን እህትህ ስለነገረችኝ ነው።

እኛ ሙያውን የለመድነው እጀታውን እያዞርን ከረንት በምናስተካክልበት አሮጌ ትራንስፎርመርና 6013 በሚባለው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ነው። እዚህ የሚቀርብልህ ግን ኢንቨርተር የሚባለው በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ማሽን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሩቱ (የመጀመሪያው የውስጥ ድርብ) በ6010 ኤሌክትሮድ፣ ሙሌቱና ካፑ (የላይኛው መዝጊያ ድርብ) በ7018 ይሠራል። 6010 ደግሞ በዲሲ (በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ከረንት) ብቻ የሚነድ፣ ማሽኑ ደካማ ከሆነ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ኤሌክትሮድ ነው፤ ስለዚህ ከቤት ይዘኸው የመጣኸውን የአምፔር ቁጥር አትመን።

ማሽኑን ስትረከብ ከአምፔሩ በፊት ኬብሎቹ የት እንደገቡ ተመልከት፤ የኤሌክትሮድ መያዣው በፕላስ በኩል መሆን አለበት። ሩቱን በማይነስ የሚሠሩ ጎበዝ በያጆች አሉ፤ ሆኖም የብየዳ መመሪያው ወረቀት ካልፈቀደ አንተ አትሞክረው። ቀጥሎ የሪሞት (የርቀት መቆጣጠሪያ) ማብሪያውን እይ፤ ወደ ሪሞት ዞሮ ከተተወ ፊት ለፊት ያለውን ቁልፍ የቱንም ያህል ብታዞረው ማሽኑ አይታዘዝህም። ለ6010 የተለየ ምርጫ ያለው ማሽን ከሆነም ሩቱን ከመጀመርህ በፊት እርሱን ምረጥ።

ብዙዎች የሚዘነጉት አርክ ፎርስ የሚባለውን ቁልፍ ነው። ኤሌክትሮዱን ወደ ብረቱ ስታስጠጋው ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ይኼኔ ኤሌክትሮዱ እንዳይጣበቅብህ ማሽኑ ከረንት ይጨምራል፤ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስነው ይህ ቁልፍ ነው። ለ6010 ከፍ አድርገው፤ ወደ 7018 ስትሸጋገር ግን ሳትረሳ ዝቅ አድርገው፤ አለበለዚያ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ቅላጩም (የቀለጠው ብረት) አይረጋልህም።

ከዚያ ቁራጭ ቧንቧ ጠይቅ። ጠረጴዛ ላይ በተኛ ላሜራ የተስተካከለ ማሽን ለ6ጂ፣ ማለትም ቧንቧው አጋድሎ ታስሮ ለሚበየድበት ፈተና፣ አይበቃምና ቁራጩን እንደ ፈተናው በ45 ዲግሪ አስረህ ሞክር። እኔ በ3.2 ሚሊሜትር 6010 ከ80 አምፔር አካባቢ እጀምርና ቁጥሩን ትቼ ከኤሌክትሮዱ ፊት የሚከፈተውን ቀዳዳ አያለሁ። ቀዳዳው በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ካለው ክፍተት ጥቂት ሰፍቶ እኩል እየተጓዘ፣ ቅስቱም (አርኩ) ከቧንቧው ውስጥ ሲያጓራ ከሰማህ ደርሰሃል። እየሰፋ ሄዶ ቅላጩ ወደ ውስጥ መንጠባጠብ ከጀመረ አምስት አምፔር ቀንስ፤ እየጠበበ ከተደፈነ ጨምር። ከታች ስትጀምርና ወደ ላይ ስትወጣ ሙቀቱ ስለሚለያይ ሁለቱንም ቦታ ሞክር። የ7018 ከረንት ከዚህ ይበልጣል፤ ለተመሳሳዩ ውፍረት ከ110 እስከ 125 ባለው ውስጥ ፈልገው። ካፑ ላይ የብየዳው ጠርዝ ቧንቧውን እየበላ ጎድጎድ ካለ፣ ከረንቱን ከመውቀስህ በፊት ጠርዙ ላይ በቂ ጊዜ መቆየትህንና ቅስትህ አለመርዘሙን አጣራ።

ረጅም ኬብል ኃይል ስለሚበላ በቁራጩ ላይ የሞከርክበትን ኬብል ለፈተናው አትቀይር። የግራውንዱን መቆንጠጫም ዝገቱ በግራይንደር በተነሣ ንጹሕ ብረት ላይ እሰረው፤ ላልቶ ከተያዘ ቅስቱ ይንቀጠቀጥና ጥፋቱን ከማሽኑ ትፈልጋለህ።

እዚህ በብዛት የሚሰጠው ባለ 6 ኢንች ስኬጁል 80 (የግድግዳ ውፍረት መለያ) ቧንቧ ነው፤ ግድግዳው ወደ 11 ሚሊሜትር ይደርሳል። በአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ክፍል 9 ከተፈተንክ፣ ከብየዳው የተቆረጠው ናሙና ሲታጠፍ ከ3 ሚሊሜትር የበለጠ ስንጥቅ ብየዳው ላይ ከተከፈተ ይጥልሃል፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ ደግሞ ሩቱና ሙሌቱ መካከል ከቀረ ስላግ (ከኤሌክትሮዱ ሽፋን የሚቀር ቅርፊት) ሊመጣ ይችላል።

የማሽኑን ስምና ሞዴል ካወቅህ ጻፍልኝ፤ ከዚህ ጓደኞቻችን የሠራበት አይጠፋም። ለእናትህና ለእህትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ