የመሥሪያ ቤቱም ቀሪ ይጻፍ፦ ስለ ሴፍቲኔት ሥራና ክፍያ ግልጽ ደብዳቤ

ለግብርና ሚኒስቴር፣
የምግብ ዋስትና ሥራን ለሚያስተባብረው ክፍል

ጉዳዩ፦ ለሴፍቲኔት ድጋፍ በምላሹ የሚጠየቀው ሥራ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የምግብ እጥረት ላለበት የገጠር ቤተሰብ በሥራ ምላሽ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ቃሉ ግልጽ ነበር፤ መሥራት የሚችል ሠርቶ ይቀበላል፣ የማይችል ሳይሠራ ይደገፋል። ይህን ሐሳብ እንደግፋለን። ተራቁቶ የኖረ ተዳፋት ተከልሎ እርከን ሲወጣለት ሣሩ ይመለሳል፣ ከሥሩ ያለው ማሳም አፈሩ አይታጠብም። ስለዚህ «ሥራው ይቅርና እህሉ ብቻ ይሰጥ» አንልም። ቅሬታችን ሌላ ነው፤ ውሉ የሁለት ወገን ሆኖ ሳለ ቀሪ የሚጻፈው በአንደኛው ላይ ብቻ ነው።

ከስሌቱ እንነሣ። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይቆጠራል። የቀኑ ዋጋ 3 ኪሎ እህል ነው፤ በወር 15 ኪሎ፣ ከ4 ኪሎ ጥራጥሬ ጋር፣ ወይም ግምቱ በጥሬ ገንዘብ። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት እንግዲህ 25 ቀን አለበት ማለት ነው። ሕፃናቱ ዶማ አያነሡም፤ ቀናቸው ግን ዶማ በሚያነሣው ትከሻ ላይ ይወድቃል። እናት ብቻዋን ከሆነች 25ቱም የእሷ ነው። ይህን ለመከላከል ነበር አንድ አዋቂ በወር ከ15 ቀን በላይ እንዳይሠራ ጣሪያ የተቀመጠው፤ የሴቶች የሥራ ጫናም ከወንዶቹ በግማሽ እንዲያንስ የተባለው ለዚሁ ነው። ጣሪያው ቀበሌ ሲደርስ ግን ትርጉሙ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ፤ «15 ቀን ከሠራሽ የሦስት ሰው ትወስጃለሽ» ይባላል። ጣሪያው የተበጀው የእናቲቱን ጉልበት ለማዳን እንጂ ከልጆቿ አፍ ላይ 30 ኪሎ እህል ለመቀነስ አልነበረም። እሷም ቀኑን ለመሙላት ትልቁን ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ትልካለች፤ የሥራ ቡድኑ መሪም ቁጥሩ ስለሞላለት ዝም ይላል።

በነፍሰ ጡሮች ላይም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። እርጉዝ ሴት ከሥራ ወጥታ ሳይሠሩ በሚቀበሉት ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንድትያዝ፣ ልጇም ቢያንስ ዓመት እስኪሞላው እንዳትመለስ መመሪያው ይላል። መሰናክሉ ወረቀቱ ላይ ነው። እርግዝናውን የምታረጋግጠው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የስም መጥሪያው ያለው ግን በልማት ጣቢያ ሠራተኛው እጅ ነው። ሁለቱ በየወሩ ካልተገናኙ ሴቲቱ በአንዱ መዝገብ እርጉዝ፣ በሌላው ቀሪ ሆና ትጻፋለች። በመመሪያው የሕፃናት ማቆያም አለ፤ ልጆቹን የምትጠብቀው ሴት ቀኗ እንደ ሥራ ሊቆጠርላት ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ዳስ፣ አንድ ጀሪካን ውኃና አንዲት ታማኝ ሴት ናቸው። ይህ ባለመኖሩ ብቻ እናት ድንጋይ ስትቀባበል ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ ይውላል።

ወደ ሥራው ጥራት እንምጣ። ሥራው ጥራት ከሌለው ሰዉን ማሠራት ለከንቱ ማድከም ነው። በተፋሰስ ልማት መመሪያው መሠረት አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይወስዳል፤ የአፈሩ 150። በድንጋዩ ስናሰላው ለአንድ ሰው በቀን 4 ሜትር ይደርሰዋል። አምስት ነፍስ ያለው ቤት በ25 ቀኑ መቶ ሜትር ካበ ማለት ነው። ድንጋዩ አጠገብ ካለ ይህ ይቻላል። ከሩቅ በሸክም የሚመጣ ከሆነ ግን አይቻልም፤ የወረዳው ዕቅድ ደግሞ የሚጠይቀው ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሜትሩ እንዲሞላ ከፍታው ይቀነሳል። 60 ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረበት ካብ 40 ይሆናል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ መግባት የነበረበት መሠረትም ይዘለላል። የመጀመሪያው የሐምሌ ጎርፍ አናቱን አልፎ ይንደዋል።

ከዚህ የባሰው የልኬቱ ጉዳይ ነው። የእርከን መስመር የሚወጣው በ10 ሜትር ሲባጎ፣ በሴንቲ ሜትር በተከፋፈሉ ሁለት ዘንጎችና ሲባጎው መሐል ላይ በምትንጠለጠል አንዲት ውኃ ልክ ነው። አረፋዋ መሐል ላይ እስክትቆም ሁለተኛው ሰው ዘንጉን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ከዚያ ችካል ይመታል። የሦስት ሰው ሥራ ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። በዓይን ግምት ከተሠመረ ውኃው በቦዩ ተንሸራቶ ዝቅ ወዳለችው ቦታ ይሰበሰብና እዚያው ይበጥሰዋል፤ ከአንዱ እርከን የወጣው ጎርፍም ቀጣዩን ይዞ ይወርዳል። የአፈር እርከን ቦዩ ውስጥ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ መገደቢያ ይተውለታል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሥራው ከተፋሰሱ አናት ሳይጀመር ታች ቦረቦር ውስጥ ጎርፍ የሚገታ ክትር ከተሠራም ደለል ሞልቶት ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ሰዎቹ በጉልበታቸው አልሰነፉም። ባለሙያውና መሣሪያው ነው በሰዓቱ ያልተገኘው፤ ይህ ግን የትም መዝገብ ላይ ቀሪ ተብሎ አይጻፍም።

የወቅቱም ነገር አለ። ሥራው የሚያተኩረው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። መኸር ብቻ ለሚያመርት አካባቢ ይህ ይመቻል። በልግ በሚዘራበት የደቡብ ወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ ግን የካቲትና መጋቢት በሬ የሚጠመድበት ወር ነው፤ ገበሬው ከማሳው ተነጥቆ ወደ ተራራ ይሄዳል። በዚያው ሰሞን ነዋሪው ሁሉ ያለ ክፍያ የሚሠራው የተፋሰስ ዘመቻ ይደረብበታል። የዘመቻው ቀንና የሴፍቲኔቱ ቀን በአንድ ደብተር ሲደባለቅ ደሃው ከሌላው ጎረቤቱ የበለጠ በነፃ ይሠራል።

ክፍያው የሚዘገይበትን መንገድ እናንተም ታውቁታላችሁ። የቡድን መሪው ስም ይጠራል፣ መጥሪያው በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ወረዳ ይገባል፣ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወደ ፋይናንስ ያልፋል። የአንድ ቀበሌ መጥሪያ ከዘገየ የሌሎቹም ሊቆም ይችላል። ስሙ ካርዱ ላይ «ኃይሉ»፣ መጥሪያው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ከተጻፈም አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታይና ክፍያው ይንጠለጠላል። የመጋቢቱ ብር ሰኔ ላይ ሲደርስ እህሉ ንሯል፤ ሥራው ሳይጀመር በተተመነው ዋጋ የተቆረጠው የቀን ክፍያ 3 ኪሎ አይገዛም። ብሩ እስኪመጣ ቤቱ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሯል፣ ወይም በጉን ሸጧል። ሰው ከጠባቂነት ይላቀቅ የሚል ፕሮግራም በግ ሊያሸጥ አይገባም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የጉልበት ጣሪያው የሥራ ቀን እንጂ እህል እንደማይቀንስ በአንድ ገጽ ሰርኩላር ለየቀበሌው ይውረድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በየወሩ ስም መጥሪያው ከመዘጋቱ በፊት አብረው ይፈርሙ። መስመሩ በውኃ ልክ ተሠምሮ ችካል ያልተመታበት ቦታ ላይ ሰው አይጠራ፤ ያ ቀን ግን ለተጠቃሚው እንደተሠራ ይቆጠርለት፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና። ድንጋይ ከሩቅ ለሚመጣበት ቦታ ኖርሙ፣ ማለትም በቀን የሚጠየቀው የሥራ መጠን፣ ይሻሻል። በበልግ አካባቢዎች የሥራ ወራቱን ቀበሌው ይወስን።

ከሁሉም አስቀድሞ ግን ያለፈው ወር ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ ካልገባ የቡድን መሪው ለሚቀጥለው ወር ሥራ ስም አይጥራ፤ ድጋፉም አይቋረጥ። ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ከሠራተኛው ቀሪ ጎን ክፍያው የዘገየበት ቀን ቁጥርና የዘገየበት ቢሮ ስም ይለጠፍ። ለየቤቱም የመጥሪያው ቅጂ ይሰጠው፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ በእጁ የሚይዘው ወረቀት ይኑረው።

ከአክብሮት ጋር፣
በተፋሰስ ልማትና በሴፍቲኔት አፈጻጸም ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች