ማክሰኞ ማታ ስላልኩሽ ነገር

ውድ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ አንቺ ከተኛሽ በኋላ ነው። ከማክሰኞ ወዲህ ደህና አድርገን አላወራንም። ቡና ሳፈላ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ የትምህርት ቤቱን ወሬ ትነግሪኝ ነበር። ትናንት ግን ደብተርሽን ይዘሽ ጓዳ ገባሽ። እኔም አልጠራሁሽም። ብጠራሽ ደግሞ ቁጣ እንዳይቀድመኝ ፈራሁ። በጽሑፍ ይሻላል አልኩ። ጠዋት ደብተርሽ መሃል ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ የነገርሽኝን ልድገመው። ያን ዕለት በደንብ እንዳልሰማሁሽ አውቃለሁና፣ አሁን እንደሰማሁሽ እንድታውቂ ነው።

ከማጠናከሪያ ትምህርት ስትወጪ 11 ሰዓት አልፏል። መገናኛ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ቆመሽ ቆመሽ ተራሽ ሲደርስ ታፔላው ኮተቤ የሚል ሚኒባስ ገባሽ። ሂሳብ ሲባል እስከ ኮተቤ ያለውን ከፈልሽ። ላምበረት ስትደርሱ ረዳቱ «መጨረሻ ነው፣ የሚቀጥል ሰው ሂሳብ ይጨምር» አለ። ሰዉ አጉረመረመ፣ ከዚያ ኪሱ ገባ። አንቺ የሚጨመር ሳንቲም አልነበረሽም። «ታፔላው እኮ ኮተቤ ይላል፤ ከፍያለሁ» አልሽው። ቦርሳሽን ይዞ ጎትቶ አወረደሽ። በሩን ሲዘጋም «አሳዳጊ የበደለሽ!» አለሽ። ከላምበረት ቤታችን ድረስ በእግርሽ መጣሽ። ስትደርሺ ጨልሟል።

እኔስ ምን አልኩሽ? «ሴት ልጅ አይደለሽ እንዴ? ከረዳት ጋር አፍ ለአፍ ምን አገናኘሽ? ዝም ብለሽ አትወርጂም ነበር?»

ልጄ፣ ይህን ያልኩት ተሳስቼ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስትዘገዪብኝ ሦስት ጊዜ በር ድረስ ወጥቻለሁ። ጎረቤት ጠይቄአለሁ። ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የቆየሁት። ስትገቢ ያን ሁሉ ጭንቀት አንቺው ላይ አራገፍኩት። አንቺ ከበር ስትገቢ የጠበቅሽው «እንኳን በሰላም መጣሽ» የሚል ቃል ነበር። እሱን ሳትሰሚ ተኛሽ። ረዳቱ አንድ ጊዜ አወረደሽ፤ እኔ ደግሞ ቤትሽ ውስጥ ደገምኩልሽ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ስለ ስድቡ ላውራሽ። ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። አንቺን ለማሳደግ ሾላ ገበያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ከልብስ ስፌት መኪና ፊት አልተነሳሁም። ስለዚህ ያ ቃል የተወረወረው ወደ እኔም ነው። ግን ምን አደረግሽ? ተራሽን ጠብቀሽ ተሰለፍሽ። ሂሳብሽን ከፈልሽ። ታፔላ አነበብሽ። የተጻፈውን ነገር በጨዋ ቃል ተናገርሽ። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር ኖሮ «ጎበዝ» ይልሽ ነበር። እኔም ዘግይቼ እልሻለሁ። ጎበዝ ልጄ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ የአንቺን ዕድሜ ሳለሁ ውይይት የሚባል ታክሲ ነበር። ሰማያዊና ነጭ፣ ከኋላ የሚገባበት። ሁለት አግዳሚ ወንበር ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል። ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው፤ ተያይቶ ዝም ማለት አይቻልም፣ ሰው ይወያያል። እዚያ ውስጥ ልጅ ሲበደል ሁሉም ያያል። ብቻ ማየት አይደለም፣ ማየቱንም ሌላው ያይበታል። አንዷ እናት «አንተ፣ ልጅቷን ተዋት!» ካለች ቀሪው ይከተላል። አንድ ቀን ረዳቱ መልስ አልሰጥም ብሎኝ ሳለቅስ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ብቻ «መልሷን» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰጠኝ።

ዛሬ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ ነው የሚቀመጠው። የምናየው የሰው ጀርባ ነው፣ እሱንም ስልካችን ላይ ካላቀረቀርን። ከበሩ አጠገብ አንዲት ተማሪ ስትንገላታ የኋላው ወንበር አልሰማም ማለት ይችላል። አንቺ ስትወርጂ አንድም ሰው አልተናገረልሽም ብለሽኛል። እሱን ስትነግሪኝ ነበር ድምፅሽ የተንቀጠቀጠው። ረዳቱን ስትጠቅሺ እንኳን እንዲያ አልሆንሽም።

እውነቱን ልንገርሽ። እኔም ከዝምተኞቹ አንዷ ነኝ። ሚኒባስ የሚፈቀድለት አሥራ ሁለት ሰው ነው። ግን ስንት ቀን ተማሪ ሙሉ ሂሳብ ከፍሎ «ጠጋ በል፣ አንተ ትንሽ ነህ» ተብሎ ግማሽ መቀመጫ ላይ ሲንጠለጠል አይቻለሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ እንዲቆም ሲደረግ አይቻለሁ። መልስ ሲጠይቅ «ቆይ ዝርዝር የለኝም» እየተባለ መውረጃው ሲደርስ፣ አፍሮ ትቶት ሲወርድም አይቻለሁ። አንዴም አልተናገርኩም። ድካም ነው፣ መቸኮል ነው እል ነበር። ያንቺ ነገር እስኪደርስ ድረስ ያ ተማሪም እናት ያለው ልጅ መሆኑን ረስቼው ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ረዳቱስ? ስለ እሱም አስቤአለሁ፣ አትቀየሚኝ። አብዛኞቹ ረዳቶች ደሞዝ የላቸውም። ሹፌሩ ለባለ መኪናው በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ማስረከብ አለበት። ከዚያ ነዳጅ አለ። ተራ አስከባሪ በየጭነቱ ይቀበላል። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው ሹፌርና ረዳት የሚካፈሉት። ቀን ላይ ሰው የለም። ማታ 11 ሰዓት ላይ ሰዉ ሲጎርፍ፣ ቀኑን ያጡትን በዚያች ሁለት ሰዓት ሊያካክሱ ይሯሯጣሉ። መንገዱን ቆራርጦ መጫን የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዱን መስመር ሁለት አድርጎ ሁለት ሂሳብ መሰብሰብ። አጭሩን ተመላልሶ ያተርፋል። ያ ልጅ ደግሞ ምናልባት ካንቺ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጭስ ሲጠጣ፣ ሲሰደብ ይውላል። «ወያላ» እያለ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። አንቺ እንደዚያ ብለሽ አትጥሪ። «ረዳት» በይ፣ ወይ «ወንድሜ»።

ግን ይህን የነገርኩሽ በደሉን እንድትውጪው አይደለም። ቆራርጦ መጫን የተከለከለ ነው። ታፔላው ላይ የተጻፈው ድረስ የማድረስ ግዴታ አለበት። ልጅ ጎትቶ ማውረድማ በየትኛውም ችግር አይመካኝም። የዜግነት ትምህርት ደብተርሽን ገልጬ ነበር። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 የማንም ሰው ሰብዓዊ ክብር ይከበር ይላል፤ አንቀጽ 36 ደግሞ ስለ ሕፃናት መብት ነው። አንቺው በሚያምር ጽሕፈትሽ ጽፈሽዋል። ፈተና ላይ ብቻ የሚሠራ መስሎሽ እንዳይሆን።

አሁን ስለ ነገው። እዚህ ላይ እናትሽን ስሚኝ፣ ምክንያቱም የምፈራው አንድ ነገር አለ። ክብርሽን ስትጠብቂ ሰውነትሽ እንዳይጎዳ ነው።

ከመግባትሽ በፊት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «ኮተቤ ድረስ ነው? ላምበረት ላይ አይቆረጥም?» ብለሽ ጠይቂ። ሰልፈኛው እንዲሰማ ነው። ሰው ፊት «አዎ» ያለ ረዳት በኋላ ለመካድ ይከብደዋል። ሂሳብሽን ዝርዝር አድርገሽ እኔ ጠዋት ጠዋት እሰጥሻለሁ፤ መልስ የመጠበቅ ጣጣ ይቀርልሻል። ትልቅ ብር ከሆነ የያዝሽው፣ ስትሰጪው ስንት እንደሆነ ተናግረሽ ስጪ። መልስሽንም ገና ሩቅ ሳለሽ ጠይቂ፣ «ወራጅ አለ» ካልሽ በኋላ አይደለም። የኋላው ጥግ አትግቢ፣ ሴቶች አጠገብ ቁጭ በይ።

ክፉ ቃል ከተናገረሽ በስድብ አትመልሺ። ጭቅጭቅም አትቀጥዪ። የሚሰማሽ ሰው ፈልጊ። ደግሞ ለሁሉም ሰው አትናገሪ፤ ሁሉም ሌላው ይመልስ ብሎ ይጠብቃል። አንዲት ሴትዮ አይን አይኗን አይተሽ «እትዬ፣ ከፍያለሁ አይደል? አይተዋል አይደል?» በያት። ስሟን የተጠራች ያህል ነው፣ ዝም ማለት አይሆንላትም።

እጁን ካነሳብሽ ወይም ያለ አግባብ ከነካሽ ግን ጨዋነቱ ይቅር። ጩኺ። ባለሽ ድምፅ ሁሉ ጩኺ። በዚህ እኔ መቼም፣ መቼም አልቆጣሽም።

ካወረደሽ ደግሞ በእግርሽ አትምጪ። ማክሰኞ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሰው ያለበት ቦታ ቁሚ። መብራት ያለበት ሱቅ ገብተሽ «ለእናቴ ልደውል» በይ። ቁጥሬን በቃልሽ ታውቂያለሽ። የደወልሽበትን እኔ መጥቼ እከፍላለሁ። ትራፊክ ፖሊስ ካየሽ ሂጂና ንገሪው። የባሰ ነገር ከመጣ 991 ፖሊስ ነው፤ እሱንም በቃልሽ ያዢ።

ሰሌዳውን ደግሞ ያዢ። ይህን ትናንት ነው በራሴ የተማርኩት። ሥራ ትቼ አቤት ልል ሄጄ ነበር፣ አልነገርኩሽም። መጀመሪያ መገናኛ ያለውን ተራ አስከባሪ አናገርኩት። «እናቴ፣ በቀን ስንት መኪና ነው የሚጭነው፣ የትኛውን ልበልሽ?» አለኝ። የትራንስፖርት ቢሮም ሄድኩ። አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ ወረቀት አውጥታ ጠየቀችኝ። ቀኑን ነገርኳት። ሰዓቱን ነገርኳት። ቦታውን ነገርኳት። «ሰሌዳ?» ስትለኝ አፌን ያዝኩ። «ያለ ሰሌዳ ባለቤቱን ማግኘት ይቸግረናል» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፣ እውነቷን ነው። ቢሆንም ጻፊልኝ አልኳት። ጻፈችልኝ። ፈረምኩ። ፍሬ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ በልጄ ላይ የደረሰው አንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ እንዲገኝ ፈለግሁ።

ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ቁጥሩን እዪው። ከፊትም ከኋላም አለ። ተራ ቁጥሩን በልብሽ እየደጋገምሽ ግቢ፣ ወይ መዳፍሽ ላይ በእስክርቢቶ ጻፊው። ምንም ካልተፈጠረ ማታ እጅሽን ስትታጠቢ ይለቃል።

ከቢሮው ስመለስ የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ቢሆን ነው፣ ቦርሳው ከእሱ ይከብዳል። ረዳቱ «ተነስ፣ ለሴትዮዋ ልቀቅ» አለው፤ ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ልጁ ቶሎ ብሎ ተነሳ፣ የለመደ ነው። «ከፍለሃል ወይ የኔ ልጅ?» አልኩት። «አዎ» አለኝ። «እንግዲያው ተቀመጥ። እኔ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ» ብዬ ወረድኩ። ረዳቱ ደንግጦ አየኝ። ከውስጥ አንድ ሰውዬ «ልክ ናት» ሲል ሰማሁ። ለአንቺ ልነግርሽ ነበር የቸኮልኩት፣ ቤት ስገባ ግን ጓዳ ነበርሽ።

ሰኞ ሱቁን በጊዜ እዘጋለሁ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ሰልፉ ጋ ጠብቂኝ። አብረን እንሳፈራለን። የምትጠይቂው ግን አንቺ ነሽ፤ «ኮተቤ ድረስ ነው?» ማለቱን ላንቺ እተወዋለሁ። እኔ ከኋላሽ ቆሜ ሰሌዳውን እይዛለሁ።

የቦርሳሽ ማንገቻ ሲጎትተው ስፌቱ ለቋል። አንስቼ በወፍራም ክር ደርቤ ሰፍቼዋለሁ፣ ወንበሩ ላይ አለልሽ።

እናትሽ