ድሃውን ያስቀረው የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን በርዕሰ አንቀጻችሁ ከገጠር ወደ ከተማ የሚደረገው ፍልሰት ይገታ ብላችኋል። እኔ አልስማማም።

የምሠራው ሐዋላ መስኮት ላይ ነው። ወር በገባ ቁጥር ፊቴ የሚሰለፈው ማን መሰላችሁ? የቀን ሠራተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛ ነው። ጥፍራቸው ሥር ሲሚንቶ የደረቀ ልጆች ገንዘባቸውን አውጥተው ይቆጥራሉ። የቤት ኪራዩን ለይተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ የተረፈውን ወደኔ ይገፉታል። «አሁን ደውዬ ልንገራት? ዛሬ ይደርሳታል?» ይሉኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚልኩት ለእናት ነው። እንግዲህ የቱ ነው የሚገታው?

መስኮቴ ጋ ፈጽሞ የማይመጣ ሰው ደግሞ አለ። ከሁሉ የደኸየው እሱ ነው፤ ከነጭራሹ ከቀዬው አልተነሳም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። መሳፈሪያ የለውም። ተበድሮ ቢሄድና ሥራ ቢያጣ ዕዳ ተሸክሞ ይመለሳል። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተሰብ አንድ የከሰረ ጉዞ ማለት ጦም ማደር ነው።

በሰሜን ባንግላዴሽ፣ ራንግፑር አካባቢ፣ አዝመራው ከመድረሱ በፊት «ሞንጋ» የሚሉት የረሃብ ወቅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ቤተሰቦች 8 ዶላር ተኩል ገደማ ሰጡ፤ ለአንዳንዶቹም አበደሩ። የአውቶቡስ ዋጋ ናት በቃ። ከቤቱ አንድ ሰው ለወቅቱ ሄዶ ሠርቶ እንዲመለስ ነው። 22 በመቶ የሚሆኑት ቤተሰቦች ያለዚያ ገንዘብ የማይሄድ ሰው ላኩ። ቤት የቀሩትም የተሻለ በሉ። እኔን የገረመኝ ግን በዓመቱ ማንም ምንም ሳይሰጣቸው ከነሱ ብዙዎቹ ደግመው መሄዳቸው ነው። አንዴ መንገዱን አውቀውታላ!

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነው እያልኩ አይደለም። ያው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰፊው ሲሞከር ሰው እንደታሰበው አልተንቀሳቀሰም፤ ፕሮግራሙም በ2019 ቆመ። በታንዛኒያ ካገራ ክልል ግን ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2004 የየቤቱን ሰዎች ተከታትለዋል። ወጥተው የሄዱት ለምግብና ለሌላ ፍጆታ ማዋል የቻሉት ገንዘብ ዕድገት እዚያው ከቀሩት በ36 መቶኛ ነጥብ በልጧል። ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ከመሳፈሪያው ቀጥሎ ያለው ጣጣ ወረቀት ነው። ሕንድ ውስጥ የብዙ ሠራተኞች የራሽን ካርድ፣ ማለትም የመንግሥት ርካሽ እህል የሚወሰድበት ካርድ፣ የሚያገለግለው በመጡበት አካባቢ ብቻ ነበር። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት አገሩ ሲዘጋ ሥራውም እህሉም ባንዴ ራቃቸው። ስንቱ በእግሩ ወደ መንደሩ እንደተመለሰ በቴሌቪዥን አይተናል። ካርዱ በየትኛውም ቦታ እንዲሠራ የማድረጉ ሥራ በ2019 ተጀምሮ ነበር፤ ግን ያኔ ገና አላለቀም ነበር።

እኔም ጋ አንድ ልጅ አለ። የራሱ መታወቂያ ስለሌለው ጓደኛው ነው በስሙ የሚልክለት። የጓደኛው ፈረቃ ሲቀየር ገንዘቡ ልጁ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ እናቱም ትጠብቃለች። ይሄ ልጅ ከተማውን አጨናነቀ ነው የሚባለው? የሚገርም ነው።

እስቲ ሪፖርተራችሁን ላኩና አንድ አዲስ ገቢ መታወቂያ ለማውጣትና ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ስንት ቢሮ እንደሚዞር ይጠይቅልን። የሚያዞረውንም ሰው ለምን ብሎ ይጠይቅልን።

የሐዋላ መስኮት ሠራተኛ